የፍሪሲዮን አመራረጥ በታሪክ ሲታይ

ጉልበት ለተጨመረለት መኪና ፍሪሲዮን መምረጥ አብዛኛውን ጊዜ የገበያ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። ባለንብረቱ ሞተሩን ካስጎለበተ በኋላ የፋብሪካው ፍሪሲዮን መንሸራተት ሲጀምር «ከሁሉ የበረታው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «እርከን አንድ፣ እርከን ሁለት፣ እርከን ሦስት» ከሚባሉት የመጨረሻውን ያቀርብለታል። እነዚህ እርከኖች ግን በአምራቾች መካከል የጋራ መለኪያ የላቸውም። ከዚህም በላይ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው። ከመጠን ያለፈ ኃይል በመጣ ጊዜ ከሞተሩ እስከ ጎማው ከተሰለፉት ክፍሎች አንዱ መሸነፉ አይቀርም፤ ፍሪሲዮን የሚመረጠውም ቀድሞ የሚሸነፈው የትኛው ይሁን የሚለው ከተወሰነ በኋላ ነው። ይህንንም በግልጽ የሚያስረዳው የእሽቅድምድም ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመኪና ዘመን መባቻ ፍሪሲዮን ማለት በአብዛኛው ቆዳ የለበሰ ሾጣጣ ብረት ነበር፤ ይኸውም በቮላኖው ውስጥ ወደ ተቦረቦረው ሾጣጣ ገብቶ ይጣበቃል። ቆዳው ሲደርቅ መኪናውን ያንገጫግጫል፤ ዘይት ሲበዛበት ይንሸራተታል። ስለዚህ የዘመኑ ሹፌር የደረቀውን የጉሎ ዘይት ይቀባው፣ በሚንሸራተተው ላይ ደግሞ ዘይት የሚመጥ የሸክላ ዱቄት ይነሰንስበት ነበር። ሰበቃውን ለሥራው ልክ አድርጎ ማስተካከል የተጀመረው እንግዲህ ከላቦራቶሪ በፊት በመንገድ ዳር ነው። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ሄሌ ሾው አንዱን ገጽ በብዙ ቀጫጭን ሳሕኖች ተካ፤ የዛሬዎቹ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ሳሕን ፍሪሲዮኖች የዚህ አሳብ ወራሾች ናቸው።

ቆዳን ያሰናበተው አስቤስቶስ ሙቀትን በመቋቋም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሆኖም ትርፉን ያገኘው መኪናው ሲሆን ዕዳውን የከፈለው ሠራተኛው ነው። የፍሪሲዮኑን ቤት በአየር ግፊት ሲያራግፍ የሚተነፍሰው አቧራ ከብዙ ዓሠርት ዓመታት በኋላ የሳንባና የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ታወቀ። ብሪታንያ በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2005፣ አሜሪካ ደግሞ ነጩን አስቤስቶስ በ2024 አገዱ። ሸራው ከምን እንደተሠራ በማይታወቅ አሮጌ መኪና ላይ የሚሠራ ባለሙያ ዛሬም አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ያንሣው እንጂ በአየር አይንፋው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች በ1932 የወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር የፎርድ ሞተር እያጎለበቱ በደረቁ ሐይቆች ወለልና በአሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1951 ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር መሠረተ፤ 402 ሜትር የሚሆነው ቀጥተኛ ሩጫም ሥርዓት ያዘ። የመጀመሪያው ዘዴ ሞላዎቹን ማጠንከር ነበር። የማይንሸራተት ፍሪሲዮን ግን የቮላኖውን ድንገተኛ ግፊት ሳያለዝብ ወደ ኋላ ያስተላልፋል፤ ካምቢዮው ወይም የኋላው አክስል ይሰበራል፤ ሁለቱም ከቻሉት ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል።

ከዚህ የከፋውም ደረሰ። በሚሽከረከር ብረት ላይ የሚፈጠረው ውጥረት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቮላኖ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 110 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ውጥረቱም በ3,500 ዙር ከነበረው አራት እጥፍ ነው። ለተራ መንገድ የተቀለጠ የብረት ቮላኖ፣ ያውም በሰበቃ ሙቀት ተሰነጣጥቆ፣ እንዲህ ሲዞር እንደ ቦምብ ይፈነዳ ነበር፤ የሚፈነዳውም በነጂው እግር አጠገብ ነው። ማኅበሩ በኋላ ፍንጣሪ የሚያግድ የብረት ጋሻ እንዲታሰር ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። በ1970 በሎስ አንጀለስ አጠገብ የዶን ጋርሊትስ መኪና ካምቢዮ ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ጫፍ ቆረጠው። ጋርሊትስም በተከታዩ ዓመት ሞተሩ ከነጂው ኋላ የተቀመጠ መኪና ይዞ ብቅ አለ።

መፍትሔው የተገኘው ፍሪሲዮኑን ይበልጥ በማጥበቅ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሆን ብለው በመነሻው ላይ እንዲንሸራተት፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ በሚዛን ድንጋዮቹ ግፊት እየጠበቀ እንዲይዝ አደረጉት። ዛሬም በዚያ ስፖርት ከፍተኛው ክፍል ፍሪሲዮኑ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ተፈትቶ ይታደሳል። የፎርሙላ አንድ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚያ ክብደቱ የሚቆጠር ሆነና ባለ 184 ሚሊ ሜትሩ ፍሪሲዮን በካርቦን ሳሕኖች ተተክቶ ቀስ በቀስ ከ100 በታች ወረደ። ይህን በመንገድ መኪና ላይ የሚመኝ ሰው ቀዝቃዛ ካርቦን በወጉ እንደማይዝ ይወቅ።

ለኛ የሚበጀው ስሌቱ ነው። ፍሪሲዮን የሚችለው ጠምዛዥ ኃይል የሰበቃው ልክ፣ የሞላው ጫና፣ የሚነካኩት ገጾች ብዛትና አማካይ ራዲየሱ ሲባዙ የሚገኘው ነው። ልኩ 0.3፣ ጫናው 5,000 ኒውተን፣ ገጾቹ 2፣ ራዲየሱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ 285 ኒውተን ሜትር ይሆናል። 200 ለሚያወጣ ሞተር ይህ 1.4 እጥፍ፣ ማለትም በቂ ነው። ሞተሩ 320 በሚያወጣ ትልቅ ሞተር ቢተካስ? ጫናውን ወደ 7,000 ማሳደግ 399 ያስገኛል፤ ነገር ግን ፔዳሉ ይከብዳል፤ የኮሎውን የፊትና የኋላ ግፊት የሚሸከሙት ብሮንዚኖችም ይጎዳሉ። ሁለተኛ ሳሕን መጨመር 570 ይሰጣል፤ ይህም ለከተማ መንገድ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ሸክሙን ወደ ካምቢዮው ይልካል። ከብረት ዱቄት ተጨምቆ የተጋገረው ሸራ ሙቀት ይችላል፤ ዳሩ ግን መነሻው ላይ ያንገጫግጫል፤ ቮላኖውንም ይበላል። በኔ ግምት ለመንገድ መኪና ከ1.2 እስከ 1.4 የሚደርስ ብልጫ ይበቃል፤ ከተገለጹት መንገዶችም መጠነኛ የጫና ጭማሪ ከኬቭላር ሸራ ጋር ይመረጣል።

በስሌቱ ውስጥ የአዲስ አበባ ከፍታ አይዘንጋ። እዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር ከአየሩ መሳሳት የተነሣ በባሕር ጠረፍ ካለው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ 320 የነበረው ወደ 255 ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌው ባለ 285 ፍሪሲዮን እንጦጦን ሲወጣ ሳይንሸራተት ቆይቶ፣ መኪናው ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ሞተሩ ኃይሉን ሲመልስ መንሸራተት ይጀምራል።