ባለቤቱን ከማሰሪያው መፈለግ

«ሰዋስው» በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ዛሬ ልጆች በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሚሸመድዷቸው «ባለቤት»፣ «ተሳቢ»፣ «ማሰሪያ አንቀጽ» ከቅኔ ቤት የመጡ ቃላት ናቸው። የቅኔ ተማሪ ግን ወደዚያ መሰላል የሚወጣው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ጆሮው ግዕዝን ከለመደ በኋላ ነው። ተሳቢውን በድምፁ ይለየዋል፤ «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» ይባላል።

ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ይህ ትምህርት ለዘመናዊው ተማሪ ተሰናዳ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ዓረፍተ ነገርን በስማዊ ሐረግና በግሳዊ ሐረግ ከፍሎ አቀረበ። ስያሜው ተለወጠ፤ ልጁ ግን ያው «ባለቤቱን አውጣ» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ጥያቄው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲደርስ ይከብዳል። ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በባቡር ዙሪያ ያደገች፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ መንገድ ላይ የሚነገሩባት ከተማ ናት። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ቢፈቅድም፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ሁሉ ቤቱ አማርኛ አይናገርም።

መምህሩ «ን ያለበት ተሳቢ ነው» ይላል። «ጫልቱ ቶላን አየች» ሲባል ልክ ነው። ይኸው ነገር በኦሮምኛ ግን «ጫልቱን ቶላ አርጊቴ» ነው፤ «ን» የተለጠፈችው ባለቤቷ ላይ ነው! ከቤቱ ይህን ይዞ የመጣ ልጅ ቶላን ባለቤት ቢያደርገው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሚያውቀውን ሰዋስው በትክክል ተጠቅሟል፤ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰረዝበትም ይኸው እውቀቱ ነው።

መውጫው ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። «አየች» ውስጥ ያለችው «ች»፣ «አርጊቴ» ውስጥ ያለችው «ት» ያየችው ሴት መሆኗን ይናገራሉ። ሁለቱም ቋንቋዎች እዚህ ላይ ይስማማሉ። «መጣች» ብቻዋን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የምትሆነውም ባለቤቷን በውስጧ ስለያዘች ነው።

እንግዲያው ልጁ «ን»ን ከማደኑ በፊት ግሱን ይዞ «ማን?» ብሎ ይጠይቅ። መሰላል የሚወጣው ከታችኛው እርከን ነው፤ የሳቢያን ልጅ የታችኛው እርከን ደግሞ ከቤቱ ይዞት የመጣው ቋንቋ ነው።