ጸጋ ከመድረክ ወርዶ ቤት ሲገባ

በሬዲዮ የተላለፈው ይህ መልእክት ለንባብ እንዲመች ተደርጎ ነው በእጃችሁ የገባው። በቤታችሁ፣ ቢቻል ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የጸጋ አድራሻው የት ነው? ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «ቤተ ክርስቲያን» እንላለን። ወደ ቲቶ መልእክት ምዕራፍ 2 ስንሄድ ግን ሐዋርያው ሌላ ቦታ ይጠቁመናል። ቁጥር 11 ላይ ስለሚያድነው ጸጋ ከመናገሩ በፊት ስለ ማን ነው የተናገረው? ስለ ሽማግሌዎች፣ ስለ አሮጊቶች፣ ባልና ልጆች ስላሏቸው ወጣት ሴቶች፣ ስለ ጎልማሶች፣ በቤት ውስጥ ስለሚያገለግሉ ባሮች ነው። ይህ እኮ የአንድ ቤት ሰው ዝርዝር ነው! ከዚያ በኋላ ነው ጸጋ ተገለጠ፣ እንዴት እንደምንኖርም ያስተምረናል የሚለው። ጸጋ አስተማሪ ከሆነ የመጀመሪያው የትምህርት ክፍሉ ቤታችን ነው።

እኛ ሜክሲኮ አካባቢ የምንኖርና የምናመልክ ሰዎች ስለ ጸጋ የሚያስታውሰን ስም በየቀኑ እንጠራለን። ታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ስሙ ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን እናስባለን? በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር ብዙ መንግሥታት ዝም አሉ። እንግሊዝና ፈረንሳይ እንኳ በኋላ ለወረራው ዕውቅና ሰጡ። ሩቅ ያለችው ሜክሲኮ ግን አልቀበልም አለች። ምን ዕዳ ነበረባት? ምንም! ከእኛ ምን ልታገኝ? ያን ጊዜ የምንሰጣት አልነበረንም። ኢትዮጵያም ውለታውን አልረሳችም፤ አደባባዩን በሜክሲኮ ስም ጠራችው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም በአገራችን ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ይህ የመንግሥታት ታሪክ ነው፤ የክርስቶስን ጸጋ አያክልም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ያለ ዕዳ የተደረገ ቸርነት ተራው ሰው በየቀኑ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ተጻፈ። የተቀበልነው ጸጋስ በየቀኑ በምንመላለስበት ቦታ፣ በቤታችን፣ ተጽፏል ወይ?

በዚያው በወረራ ዘመን በአገራችን ደቡብ ምን እንደተደረገ ልንገራችሁ። የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን ወላይታ ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነበር። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ምክንያት ለቀው ሲወጡ ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞችን ብቻ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በቋንቋቸው አልነበራቸውም፤ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ክፍሎች ነበሩ። ብዙዎቹም ማንበብ አይችሉም። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ዋንዳሮ የተባለው ወንድም የደረሰበት ግርፋት እስከ ዛሬ ይተረካል። ሚስዮናውያኑ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ግን ምን አገኙ? 10,000 ያህል አማኞች! ጌታ ይባረክ!

እንዴት ሆነ? ትልቅ ጉባኤ አልነበረም፤ ድምፅ ማጉያም አልነበረም። በአገራችን እስረኛ ስንቅ የሚሄድለት ከቤቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የአማኞቹ ቤቶች ለታሰሩት ስንቅ አቀበሉ፤ አማኝ ያልሆኑት እስረኞችም ከዚያ በሉ። ጎረቤቶች ይህን አዩ። እርስ በርስ እንዲህ የሚዋደዱት እነማን ናቸው ብለው ጠየቁ። ልብ በሉ! ያንን ስንቅ አንድ ሰው ጋግሮታል፤ አንዲት ሚስት ከልጆቿ ድርሻ ቀንሳለች፤ አንድ ልጅ ተሸክሞ ሄዷል። ወንጌሉ ከእልፍኝና ከማድ ቤት ነበር የወጣው።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ነው፤ ያዩት ወላጆቻችን ዛሬም በመካከላችን አሉ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። ሕንጻዎቿ ተወሰዱ፣ ስድስት መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። የሙሉ ወንጌልና የሌሎችም ቤተ ክርስቲያኖች ዕጣ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ምእመናኑ በየቤቱ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይ ጀመሩ። እህቶች በየቤቱ አስተማሩ፣ መሩ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ በሮች ሲከፈቱ የመሠረተ ክርስቶስ ምእመናን ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በሩ ተዘግቶባት አደገች!

እስቲ ያንን ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ጠዋት ሚስትህ ላይ የጮህክበት ክፍል ማታ የምትጸልይበት ክፍል ነው። ልጆችህ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ጸሎትህንም ቁጣህንም ይሰማሉ። ቡና የምታፈላው ልጅ አንድ ቃል ከቤት ብታወጣ መዘዝ ነው፤ እርስዋን የሚያስታምናት ደግሞ በቤቱ ያየችው ፍቅር እንጂ ዛቻ አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ መኖር ከባድ ነው። ያ ዘመን ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ ስለ ነጻነታችን ጌታን አመሰግናለሁ። ግን ሕንጻ ስናገኝ፣ መድረክ ስናገኝ፣ ጸጋን ከቤት አውጥተን መድረክ ላይ ትተነው እንዳንመጣ እፈራለሁ።

አባቶቻችን «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የሚሉት ተረት አላቸው። እሑድ በር ላይ ቆሞ ሰውን ሁሉ አቅፎ «ተባረክ» የሚለው ወንድም፣ ከጉባኤ ወጥቶ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይለወጣል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ልጆቹ ዝም ይላሉ። ለምን ዝም አሉ? አክብረውት ነው ወይስ ፈርተውት? ይህን እያንዳንዳችን በጌታ ፊት እንመልስ።

የፊልሞናን መልእክት አንብቡ፤ አጭር ናት፣ በአንድ ቡና ታልቃለች። ጳውሎስ በፊልሞና ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያን ጭምር ነው የጻፈው። የዚያ ቤት ፈተና ምን ነበር? አናሲሞስ፣ ከቤቱ የኮበለለው ባሪያ! ጳውሎስ እንደ ወንድም ተቀበለው አለ፤ ዕዳ ካለበትም በእኔ ላይ ቁጠር አለ። የወንጌሉ ምስጢር ይኸው ነው፤ ዕዳችንን ሌላው ከፈለልን። ታዲያ በእኛ ቤት አናሲሞስ ማነው? ከገጠር መጥታ የምታገለግለን ልጅ አይደለችም? እኛ ቁርስ በልተን ለአምልኮ ስንሮጥ እርስዋ ምን በላች? ደመወዝዋ በጊዜው ይከፈላል? ሳህን ስትሰብር የምትሰማው ስድብ እኛ በመዝሙር ከምንጠራው ጌታ ጋር ይስማማል?

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጸጋ ማለት በደልን መሸፈን አይደለም። የምትደበደብ እህት «ቻይው፣ ጸጋ ይብዛልሽ» ተብላ ወደ ዱላው መመለስ የለባትም። ቲቶ ላይ ያለው ጸጋ ኃጢአትን እንድንክድ የሚያስተምር ጸጋ ነው፤ የሚመታው እጅ መጀመሪያ ንስሐ ይግባ። ቤተ ክርስቲያንም እህትን ትጠብቅ፤ ለሕግ የሚደርሰውም ይድረስ። ይቅርታ የልብ ነገር ነው፤ አደጋ ውስጥ ቁጭ በሉ ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከትንሹ እንጀምር። ዛሬ ማታ ስልካችሁን አስቀምጡና አብራችሁ ቅረቡ። አባት ከሆንህ፣ ያለ ጥፋቱ የተቆጣኸውን ልጅ በስሙ ጠርተህ ይቅርታ ጠይቀው፤ አባትነትህ አይቀንስም። እናት ከሆንሽ፣ የምራትሽን ጥፋት ከመቁጠር አንድ መልካም ነገሯን ንገሪያት። ለባልና ሚስት፣ የትላንትናው ጠብ በዛሬው ጠብ ላይ አይደመር። ለሠራተኛችሁ፣ ከምትበሉት ስጧት፣ ስታረፍድም ስሟት። ይህ ሁሉ ለመዳን የምንከፍለው ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ስለዳንን ነው እንዲህ የምንኖረው።

በወላይታ ጎረቤት የጠየቀው ስለ ስብከቱ ማማር ሳይሆን ስለ ፍቅራቸው ነበር። የእኛስ ጎረቤት በግድግዳው በኩል ምን ይሰማል?

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሳይገባን ስለሰጠኸን ጸጋ እናመሰግንሃለን። በአፋችን ያለውን ጸጋ በማዕዳችን ላይ አድርገው። የተጣላውን አስታርቅ፣ የሚገፋውን አንሣ፣ ቤታችንን ቤትህ አድርግ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።