የጭቃው ሠራዊት በቡሬ መንገድ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ፍኖተ ሰላም ከአንዳችን ቤተሰብ ቤት በረንዳ ላይ ጭቃ ስናቦካ ሰነበትን። የሠፈሩ ሰው «ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጭራሽ ሕፃን ሆኑ» ብሎ ሳይታዘበን አልቀረም። እውነትም ሥራችን የእረኛ ልጅ ሥራ ነበር። እረኛ በክረምት ጭቃ ጠፍጥፎ በሬና ላም ይሠራል፤ እኛ ደግሞ ወታደር ሠራን። ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ጠመንጃቸው የክብሪት እንጨት ነው። ሐሳባችን በየካቲት 1933 ዓ.ም. በቡሬ መንገድ የተደረገውን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንደገና ለማየት ነበር።

ነገሩን እኛ አልፈጠርነውም። የፕሩሲያ መኮንኖች ከእ.ኤ.አ. 1824 ጀምሮ፣ ሬይስቪትስ የተባለ የመድፈኛ መኮንን ባወጣው ሕግ፣ በካርታ ላይ ጦርነትን በዳይስ እየተጫወቱ ይማሩ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ ጽፎ፣ እውነተኛውን ጦርነት ትተን ይኸን ብንጫወት ይሻላል ሲል መከረ። ማን ሰማው? በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ዛሬ በየአገሩ 28 ሚሊሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን የብረትና የፕላስቲክ ወታደሮች የሚሰበስቡና በቀጭን ብሩሽ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ የዐድዋ ዘመን ዘማቾቻችን እንኳ ሳይቀሩ በውጭ አገር ተቀርጸው ይሸጣሉ። እኛስ ብንሆን ሰንጠረዥ ነበረን አይደል? በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይኸም «ወረራ» ይባል ነበር። እንግዲህ በገበታ ላይ መዋጋት ለአገራችን አዲስ አይደለም።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበሩን ተሻግረው ጥር 29 ቀን በላያ ደረሱ። ከዚያ ወደ ጎጃም ደጋ የወጣው ጦር የጌዴዎን ጦር ይባላል፤ አዛዡ እንግሊዛዊው ዊንጌት ነበር። ስሙን ያወጣው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው፣ በመለከትና በማሰሮ ውስጥ በተደበቀ ችቦ፣ ቁጥር የሌለውን የምድያም ጦር ያሸበረበትን ታሪክ ይዞ። የዊንጌትም ጦር ቢበዛ 800 ያህል የሱዳን ወታደርና 800 ያህል ኢትዮጵያዊ ወታደር ነበር። መድፍ አልነበረውም፤ የነበሩት ጥቂት ሞርታሮች ናቸው። ቡሬ ላይ የመሸገው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር፣ ምሽግና መድፍ ያለው ነው።

እኛም ሒሳብ አወጣን፤ አንድ ጭቃ ለሃያ ሰው። የጌዴዎን ጦር 80 ጭቃ ሆነ። ግመሎቹ ግን ጉድ አፈሉ! ለዘመቻው በሱዳን የተሰበሰቡት ግመሎች 15,000 ያህል ነበሩ፤ በሒሳባችን 750 ጭቃ ሊሆኑ ነው። ከወታደሩ ዘጠኝ እጥፍ! አብዛኞቹ ግመሎች በመንገድ ማለቃቸውን ስናስብ፣ አሥር ብቻ ሠርተን ተውነው።

ከዚያ በማስመሪያ እየለካን፣ ዳይስ እየጣልን ገጠምን። ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ሦስቱንም ጊዜ ቡሬ አልተለቀቀችም። እንዴት ትለቀቅ? ናታሌን ሆኖ የተጫወተው ጓደኛችን የኛን 80 ጭቃ አንድ በአንድ ቆጥሮ ይስቃል። በእውነተኛው ታሪክ ግን ናታሌ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ለምን? መቁጠር ስላልቻለ ነው። ዊንጌት ጦሩን በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ ሌሊት ሌሊት ምሽጎቹን ያስነካ ነበር። ማንኩሳ ላይም (በፍቅር እስከ መቃብር ሁላችን በምናውቃት ማንኩሳ) እንዲሁ ተደረገ። በጠላት ስር ላሉ የአገር ልጆችም በድምፅ ማጉያና በወረቀት «ኑ፣ ተቀላቀሉ» የሚል ጥሪ ይተላለፍ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዱሩ ባዶ አልነበረም። እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በምሥራቅ ጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ከስደት የሚመለስ ንጉሥ ሳይጠብቁ ለዓመታት ሲዋጉ ኖረዋል። ጠላት ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጀርባ ጠመንጃ ቢያይ አልተሳሳተም።

ስለዚህ ሕጉን ቀየርን። የኛን ጭቃ ከጠረጴዛው አንስተን በፋንታው የተገለበጡ ካርዶች አኖርን፤ አንዳንዱ ካርድ ጦር ነው፤ አንዳንዱ ባዶ ነው። በአራተኛው ጨዋታ ያ ሲስቅ የነበረው ጓደኛችን ጭንቅላቱን ይዞ ብዙ ካሰበ በኋላ ወደ ደምበጫ ሸሸ። መንገድ ላይ ግን፣ ልክ እንደ የካቲት 27ቱ፣ ከፊቱ አልፈው ወንዝ ዳር ከሰፈሩት ጥቂት መቶ የ2ኛው ኢትዮጵያ ሻለቃ ወታደሮች ጋር ተላተመ። እነሱም ያን ሁሉ ጦር ሊያቆሙት ባይችሉም ሳይከፈለው አላለፈም፤ የነሱም ደም ፈሰሰ።

ጨዋታው ከተሳካልን ዘንድ ቀለሙ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ድንቁርናችን የተገለጠው። የሻለቃው ወታደር ካኪ ይቀባል፤ ጥሩ። አርበኛውስ? ጎፈሬውን አጠቆርን፤ ጋቢውን ነጭ ቀባን። ግን አምስት ዓመት በዱር የኖረ ጋቢ ነጭ ይሆናል እንዴ? ጠመንጃውስ ውጅግራ ነው? አልቢን ነው? ምንሽር ነው? ወይስ ከጠላት የተማረከ? መደበኛ ወታደር አንዱን ካወቅህ ሁሉንም አወቅህ። አርበኛ ግን ሁለቱ አይመሳሰሉም፤ እያንዳንዱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ስንጨቃጨቅ የጓደኛችን አያት ከጓዳ ወጥተው ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይኸ ሁሉ ተኳሽ ነው?» አሉን።

«አዎን እማማ» አልናቸው።

«ምን ይበላል ታዲያ?»

ዝም አልን። «እናቴ እንደምትለኝ» አሉ፣ «ሴቶቹ በሶውን በስልቻ አድርገው ሌሊት ነበር ወደ ዱር የሚወጡት። የተያዘችማ አለቀላት። እናንተ የሷን ነገር የት ጣላችሁት፣ ልጆቼ?»

የትም አልጣልነው፤ መጀመሪያውኑ አላነሣነውም። በዚያው ማታ ስልቻ ያዘሉ ሦስት ሴቶች ሠራን፤ አንድ ሕግም ጨመርን። ስንቅ ተሸካሚዋ በአንድ ማስመሪያ ርቀት ያልደረሰችለት የአርበኛ ቡድን ሁለት ዙር ካለፈ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ወዲያ በጨዋታው ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እነዚያን ሦስት ጭቃ ሆነ።

የቀረን ጠላትን መቀባት ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን የዐድዋን ጦርነት ሲሥሉ የወገንን ፊት በሙሉ፣ ከሁለት ዐይኑ ጋር ያሳያሉ፤ ጠላትን ግን በጎን አዙረው ባንድ ዐይን ይሥሉታል። ባለ ሁለት ዐይን ከኛ ነው፤ ባለ አንድ ዐይን ከነሱ። ሥዕል በመሆኑ ይቻላል። ጭቃ ግን ዞሮ ይታያል፤ ባንድ ዐይን ሊሠራ አይችልም። ደግሞስ በናታሌ ሰልፍ ውስጥ የቆመው ማን ነው? ጥቂቱ ጣልያን ነው እንጂ አብዛኛው ታርቡሽ ያጠለቀና መቀነት የታጠቀ የኤርትራ ልጅ፣ ባንዳ የሆነ የኛው አገር ሰው ነው። አንዱ ለደመወዝ ገባ፤ አንዱ በግድ፤ አንዱ ከጎረቤቱ ተቀያይሞ። ብዙዎችም ሌሊት ምሽጉን እየጣሱ ወደ አርበኛው ከድተዋል። ታዲያ ያ ሰው ሰኞ ባንድ ዐይን፣ ማክሰኞ በሁለት ዐይን ሊቀባ ነው?

እኛ ለሁሉም ሁለት ሁለት ዐይን ሠራንላቸው። ባንዳነትን ለማድነቅ አይደለም፤ የገደሉትም የሞቱትም ሰዎች ነበሩና ነው። ከመሃላችን ይኸን ያልወደደ ነበር፤ «ባንዳ ባንዳ ነው፤ ዐይኑን ምን ልታደርጉለት ነው?» ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ፤ አላለቀምም።

ይኸን የምንጽፈው እንዲያው የዕረፍት ጊዜያችንን ለማውራት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ ክልላችን ሲመለስ፣ ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነችው ፍኖተ ሰላምም የድርሻዋን ቀምሳለች። በዚያ በረንዳ ላይ ተኩስ ሲሰማ ማን ወዴት እንደሚሮጥ የማያውቅ አልነበረም። እንዲህ ባለ አገር ጦርነትን ጨዋታ ማድረግ ነውር አይደለም ወይ? ብለን ራሳችንን ጠይቀናል። መልሳችን ይኸ ነው፤ ነውሩ ወታደሩን በቁጥር ብቻ ማወቅ ነው። ወሬ «ይኸን ያህል ሞተ» ብሎ ያልፋል። ጭቃውን በእጅህ ስትሠራ ግን ይኸኛው ምን ለበሰ? ማን አበላው? ለምን እዚህ ቆመ? ሳትል ብሩሹን ማንሣት አትችልም።

የ1933ን የቡሬ መንገድ በዐይናቸው ያዩት አልፈው ሊያልቁ ነው፤ ከነሱ የሰሙትም እያረጁ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ጭቃ ባታቦኩም ጠይቁ፤ ስለ ጀግናው ስም ብቻ ሳይሆን ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ልብሱ፣ በሶውን ስላቀበለችው ሴት፣ በወዲያኛው ሰልፍ ስለቆመውም ዘመዳችሁ። ሠራዊታችን ፍኖተ ሰላም በካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ከአርበኞቹ ግማሹ ገና አልተቀባም፤ የጋቢያቸውን ቀለም የሚነግረን ሰው እየፈለግን ነን።