የጨጓራ ቁስለት ወይስ ካንሰር? እንዴት ይለያል?

የጨጓራ ቁስለት የጨጓራ ውስጠኛ ግድግዳ በአሲድ ተጎድቶ የሚፈጠር ቁስል ነው። በአብዛኛው መነሻው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ወይም እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በትክክል ከታከመ ይድናል። ችግሩ የጨጓራ ካንሰርም አንዳንዴ ተራ ቁስል መስሎ መታየቱ ነው።

ሁለቱን በሕመሙ ስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ማቃጠል፣ የሆድ መነፋት፣ ማቅለሽለሽ በሁለቱም አለ። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች ደግሞ በካንሰር የመጣውንም ሕመም ለጊዜው ሊያስታግሱ ይችላሉ። ስለዚህ «መድኃኒቱ ተስማምቶኛል» ማለት ካንሰር አለመሆኑን አያረጋግጥም። «ጨጓራ ነው» እያሉ ከፋርማሲ እየገዙ ወራት መግፋት አደጋው እዚህ ላይ ነው። ተልባውም እንደዚያው ነው፤ ቢያስታግስም ምርመራን አይተካም።

በሰገራ ምርመራ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» መባልም ባክቴሪያው መኖሩን እንጂ ቁስለት ወይም ካንሰር መኖሩን አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ሆኖም ከተያዙት ሰዎች ካንሰር የሚይዛቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

የሚለየው በኢንዶስኮፒ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ በመመርመር ነው። ካንሰር ያልሆነ ቁስለት ብዙ ጊዜ ክብ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ መሐሉም ንጹሕ ነው። የካንሰሩ ጠርዝ ያበጠና የተዛነፈ ይሆናል። ይሁንና ዓይን ይሳሳታል። አንድ ናሙና ሊስተው ስለሚችል ሐኪሙ ከቁስሉ ዙሪያና ከመሐሉ ብዙ ናሙናዎችን ይወስዳል። ከ8 ሳምንት ገደማ ሕክምና በኋላም ቁስሉ መዳኑን ለማየት ኢንዶስኮፒው ሊደገም ይችላል። ቁስሉ ያለው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ከሆነ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። ስለዚህ «ቁስለት አለብህ» ሲባሉ የት እንደሆነ ይጠይቁ።

ያለምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲውጡ መቸገር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የደም ማነስ፣ ቶሎ መጥገብ ከታየ ቀጠሮን ማዘግየት አይገባም። ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የአይረን ክኒንም ሰገራ ያጠቁራልና የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የናሙናው ውጤት ከኢንዶስኮፒው በኋላ ዘግይቶ ለብቻው ይመጣል። ሕመሙ ቢሻልዎትም ተመልሰው ይውሰዱት።