ከኦፕራሲዮን በኋላ የሆድ ዕቃ ለምን ይጣበቃል?

ኦፕራሲዮን የተደረገለትን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ የምናየው የላይኛውን ቁስል ነው። ክሩ ወጣ፣ ቆዳው ገጠመ፣ ተመስገን እንላለን። ነገር ግን ጠባሳ በሆድ ውስጥም ይሠራል።

አንጀታችን ፔሪቶኒየም በሚባል ስስና ሙልጭልጭ ሽፋን ስለተሸፈነ ከሌሎች የሆድ ዕቃዎች ጋር ሳይያያዝ ይንሸራተታል። ይህ ሽፋን በመቆረጥ፣ በመድረቅ ወይም በኢንፌክሽን ሲጎዳ ሰውነት ቁስሉን ፋይብሪን በሚባል እንደ ሙጫ ባለ ነገር ይሸፍነዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነት ራሱ ሙጫውን ካሟሟው ችግር የለም፤ ካላሟሟው ግን ወደ ጠባሳ ተለውጦ አንዱን ከሌላው ያጣብቃል። ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት በአብዛኞቹ ላይ ይህ ይደርሳል፤ ብዙዎቹም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ሆኖም አንጀትን ሊዘጋ፣ በሴቶች ላይ መካንነትን ሊያስከትል፣ ቀጣዩንም ኦፕራሲዮን ሊያከብድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የስኮትላንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ሆዳቸው ወይም ዳሌያቸው ተከፍቶ ከታከሙት ሲሶ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ከመጣበቅ ጋር ሊያያዝ በሚችል ምክንያት ወይም ለሌላ ቀዶ ጥገና ወደ ሆስፒታል ተመልሰዋል።

መከላከሉ በአብዛኛው በሐኪሙ እጅ ነው። አካልን በስሱ መያዝ፣ ደምን በሚገባ ማቆም፣ የሆድ ዕቃ እንዳይደርቅ ማራስ ይጠቅማል። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ላፓራስኮፒም መጣበቅን ይቀንሳል። የጓንት ዱቄት አንዱ መንስኤ በመሆኑ አሜሪካ ዱቄት ያለበትን የሐኪም ጓንት እ.ኤ.አ. በ2017 አግዳለች። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈቀደው ሴፕራፊልም ደግሞ በቁስሉ ላይ ተነጥፎ እስኪድን ድረስ የሚለያይና በኋላ ቀልጦ የሚጠፋ ስስ ሽፋን ነው፤ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም።

እርስዎስ? ከኦፕራሲዮኑ በፊት «በላፓራስኮፒ ሊሠራ ይችላል ወይ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሐኪሙ ሲፈቅድልዎ ቶሎ ተነሥተው መራመድዎ አንጀት ሥራውን እንዲጀምርና ደም እንዳይረጋ ይረዳል፤ መጣበቅን እንደሚከለክል ግን አልተረጋገጠም። ሆድ መታሸትም እንዲሁ ነው።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንኳ ሆድዎ በየመካከሉ እየቆረጠ ከተነፋ፣ ካስመለሰዎትና ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለ፣ ማሻ ወይም የሆድ ማስለቀቂያ ሳይሞክሩ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከዚህ በፊት ምን ኦፕራሲዮን እንደተደረገልዎ የሚገልጸውን ወረቀትም ይያዙ፤ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቅዎ ነገር አንዱ እርሱ ነው።