የአንጀት ብግነት፤ ምክንያቱን የመፈለግ ታሪክ

ለአንድ በሽታ ስም ስለ ወጣለት ብቻ በሽታው ታወቀ ማለት አይደለም። ስሙ ከምክንያቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያው ድረስ የምክንያትን ቦታ የሚይዘው ግምት ነው። አልሰሬቲቭ ኮላይትስና የክሮን በሽታ የሚባሉት ሁለቱ ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነቶች ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ስለ ሆኑ፣ የምርምር ታሪካቸውን ባጭሩ መመልከቱ ለሙያ ባልደረቦቻችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1859 በእንግሊዝ አገር ኢዛቤላ ባንክስ የተባለች ሴት በብርቱ ተቅማጥና ትውከት ተሠቃይታ ሞተች። አብሯት ይኖር የነበረው ሐኪም ቶማስ ስሜትኸርስት መርዝ ሰጥቷታል ተብሎ ተከሰሰና ሞት ተፈረደበት። አንጀቷን የመረመረው የጋይስ ሆስፒታሉ ሳሙኤል ዊልክስ ግን ብርቱ ብግነትና ቁስለት ማየቱን በዚያው ዓመት ጽፎ አወጣ። በሐኪሞች ዘንድ በተነሣው ጥርጣሬ ምክንያት ፍርዱ ቀርቶለት ሰውየው ከስቅላት ዳነ። በኋላ ዘመን ጽሑፉን እንደገና የመረመሩ ሊቃውንት፣ ብግነቱ የቀጭኑን አንጀት መጨረሻ ጭምር የያዘ በመሆኑ፣ ሴትዮዋን የገደላት ዛሬ የክሮን በሽታ የምንለው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

በ1913 በግላስጎው የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ኬኔዲ ዳልዚል የአሥራ ሦስት በሽተኞችን ታሪክ አቀረበ። የአንጀታቸው መልክ ቲቢን ቢመስልም የቲቢ ባክቴሪያ ስላልተገኘበት፣ ዳልዚል በሽታውን ከብቶችን ከሚይዝ አንድ የአንጀት በሽታ ጋር አመሳስሎ ጻፈ። በ1932 ደግሞ በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር አሥራ አራት ሕመምተኞችን መሠረት አድርገው በሽታው ከቲቢ የተለየ ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አስረዱ። በሽታው በክሮን ስም ሊጠራ የቻለው በጽሑፉ ላይ ስማቸው በፊደል ተራ ስለ ተቀመጠ ነው።

ምክንያቱ ሳይታወቅ በመቅረቱ ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በርካታ ሐኪሞች የአልሰሬቲቭ ኮላይትስን መነሻ ከበሽተኛው ጠባይና ከአእምሮው ጭንቀት መፈለግ ጀመሩ። ሕመምተኛው በአንጀቱ ሥቃይ ላይ የጠባይ ወቀሳ ተጨመረበት። የዚህ አስተሳሰብ ጉድለት፣ ሕመምተኞቹን ከጤነኞች ጋር በሚገባ ሳያወዳድር መፍረዱና ጭንቀቱ ከበሽታው በፊት ይምጣ በኋላ ሳይለይ መቅረቱ ነበር።

በማወዳደር ላይ የቆመው ምርምር የተለየ ፍሬ አሳየ። በ1955 ትሩላቭና ዊትስ በእንግሊዝ አገር ሁለት መቶ አሥር ሕመምተኞችን በሁለት ወገን ከፍለው ኮርቲዞን ለአልሰሬቲቭ ኮላይትስ የሚጠቅም መሆኑን አረጋገጡ። በ1982 ደግሞ የካርዲፍ ተመራማሪዎች በአልሰሬቲቭ ኮላይትስ ሕመምተኞች መካከል ሲጋራ አጫሾች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ጥቂት መሆናቸውን አስታወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በክሮን በሽታ ላይ የተደረገው ጥናት የዚህን ተቃራኒ አገኘ፤ ማጨስ ለዚህኛው በሽታ ያጋልጣል። ይህን ያነበበ ሰው ሲጋራን እንደ መድኃኒት እንዳይቆጥር፣ ትምባሆ በሳንባና በልብ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ማስታወስ ይበቃዋል።

በ2001 ኖድ ቱ የተባለው ጂን ከክሮን በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ታወቀ፤ በ2012 ከሁለቱ በሽታዎች ጋር የተያያዙ የዘር ቦታዎች ቁጥር 163 ደረሰ። ይሁን እንጂ የሕዝብ ዘር በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ በሽታው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ፣ ኋላም ኢንዱስትሪ በተስፋፋባቸው የእስያ አገሮች በርክቷል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱት ወገኖቻችን ላይም፣ በሽታው እዚያ ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ እንደሚታይ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዘሩ ያው ሆኖ ኑሮው ሲለወጥ በሽታ ከመጣ፣ የአካባቢው ድርሻ ቀላል አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ይህ ታሪክ አገራችንን የሚመለከትበት ሌላም መንገድ አለ። ዳልዚልን ያሳሰበው ጥያቄ ቲቢ በበዛበት አገር ዛሬም የየዕለቱ ጥያቄ ነው። የአንጀት ቲቢ የክሮን በሽታን እጅግ ይመስላል፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ኮርቲዞንም ሆነ ከ1998 ወዲህ የመጡት የሰውነትን መከላከያ የሚገቱ አዳዲስ መድኃኒቶች፣ ለክሮን ሕመምተኛ ዕረፍት ሲሰጡ የቲቢ ሕመምተኛን ለሞት ሊያደርሱት ይችላሉ። በአንጻሩ የክሮን ሕመምተኛ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ብቻ ሲወስድ አንጀቱ ጠቦ ለቀዶ ጥገና ይዳረጋል።

ስለዚህ ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ማስመርመር፣ ባክቴሪያውን መፈለግና የሕክምናውን ውጤት በቅርብ መከታተል፣ እርግጠኛ ባልሆነበትም ጊዜ ጥርጣሬውን በበሽተኛው መዝገብ ላይ በግልጽ ማስፈር ይገባዋል። እንዲህ በጥንቃቄ የተያዙ መዛግብት ሲሰበሰቡ፣ በሽታው በአገራችን ምን ያህል እንደሆነና ማንን እንደሚያጠቃ የሚያስረዳው ጥናት መሠረት ይሆናሉ።