የመናገሻ ሱባ ደን

የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ በወጨጫ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ጥብቅ ጥንታዊ ደን ነው። በአፍሪካ ለረጅም ዘመን ሲጠበቁ ከኖሩ ደኖች አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

የደኑ ታሪክ ከሁለት ነገሥታት ጋር ይያያዛል። በትውፊት እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አዘሩበት። ዘሩ መጣበት የሚባለው የወፍ ዋሻ ደን ዛሬም በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና አካባቢ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ደኑ እንዳይጨፈጨፍ አስጠበቁት። ጊዜው አዲሲቱ ዋና ከተማ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ የጨረሰችበት ነበር፤ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በከተማዋ ምሥራቅ ካለው ሾላ ገበያ ሽቅብ ሲታይ የየካን ኮረብታዎች የሸፈነው በአብዛኛው እሱው ነው። የሸዋ ደጋ ከዚያ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ለሚሻ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከመናገሻ ሱባ የተሻለ ቅርብ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የደኑ ዋና ዛፍ ጽድ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ እስከ 40 ሜትር ይረዝማል፣ እንጨቱን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ፤ የሴቴውን ፍሬ የሚበሉ ወፎች ዘሩን ይበትኑታል። ከጽዱ ጋር ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት ይገኛሉ። ወደ ላይ ሲወጣ አበባው ለኮሶ ትል መድኃኒት የሆነው ኮሶ ይታያል፤ ከዚያም ዛፉ እያጠረ ሄዶ ቦታውን ለአስታና ለጅብራ ይለቃል። ስለዚህ ከታች እስከ ጫፍ የሚደረግ የእግር ጉዞ የተለያዩ የደጋ ዕፅዋትን በአንድ ቀን ያሳያል።

ከዱር እንስሳቱ በቀላሉ የሚታየው ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ጠጉር ያለው ይህ ቅጠል በል ጦጣ ጎህ ሲቀድ በሚያሰማው ጉርምርምታ ከሩቅ ይታወቃል፤ ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ጀርመናዊው ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1835 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ጉሬዛ» የሚለውን ያገሩን ቃል እንዳለ ወስዷል። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው የምኒልክ ድኩላ ግን ድምፅ እንደሰማ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰወራል፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። ነብርም አለ፤ ሌሊት ስለሚንቀሳቀስ ጎብኚ እምብዛም አያየውም። ከወፎቹ መካከል የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው ግንባረ ቢጫ በቀቀን፣ እንዲሁም ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ይጠቀሳሉ። ቱራኮው ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ግን በክንፉ ላይ መዳብ ካለበት ቀለም የሚመጣ ደማቅ ቀይ ይገለጣል።

ለጉብኝት የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። በክረምት መንገዱ ይጨቀያል፣ ጭጋጉም ዕይታ ይከለክላል። ከሾላ ገበያ የሚነሣ ሰው ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማቋረጥ ስላለበት እንስሳቱ በሚንቀሳቀሱበት የማለዳ ሰዓት ለመድረስ ገና ሳይነጋ መውጣት ይኖርበታል። በተራራው ከፍታ ብርዱ በበጋም ይበረታል፤ ወፍራም ልብስና የሚጠጣ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል።